ጎርፍ ሳይመጣ ቦይን መጥረግ፤ ኑሮን ስለሚያቃኑ አራት ጠባያት

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።

ሰው ሁሉ ኑሮው እንዲቃናለት ይወዳል። ገበሬው ምርቱ እንዲበዛለት፣ ነጋዴው ትርፉ እንዲሰፋለት፣ ተማሪው ትምህርቱ እንዲገባው፣ እናትም ልጇ ለቁም ነገር እንዲበቃላት ይመኛሉ። ይህ ምኞት በራሱ ኀጢአት አይደለም፤ አምላካችን አዳምን በገነት ያኖረው ምድርን እንዲያበጃትና እንዲጠብቃት ነውና፤ ሥራም ፍሬም ከመጀመሪያው የተባረኩ ናቸው። ዳሩ ግን መቃናትን የሚመኝ ሁሉ የመቃናትን መንገድ አይወድም። ብዙ ሰው ፍሬውን ይሻል፤ ሥሩን ግን አይኰተኩትም። ስለዚህ በዛሬው ትምህርታችን ለሁሉም ቅርብ የሆኑ፣ ገንዘብ የማይጠይቁ፣ የተማረውም ያልተማረውም ሊይዛቸው የሚችል አራት ጠባያትን እንመረምራለን።

አስቀድሞ መከናወን ማለት ምን ማለት እንደሆነ ማወቅ ያስፈልጋል። ብዙዎች መከናወን ሀብት ማከማቸት ይመስላቸዋል። ነገር ግን በሉቃስ ወንጌል በ12ኛው ምዕራፍ የተነገረለት ባለጠጋ ጎተራውን አፍርሶ ሌላ ትልቅ ጎተራ ሊሠራ ባሰበባት ሌሊት ነፍሱን ተጠየቀ፤ ሀብቱ ነበረ፤ ኑሮው ግን አልተከናወነም። በአንጻሩ ደግሞ ዮሴፍ በግብፅ ወኅኒ ቤት ታስሮ ሳለ መጽሐፍ ኑሮው የተከናወነለት ሰው አድርጎ ይተርክለታል። ስለዚህ መከናወን ማለት ሰው የተሰጠውን ነገር፣ ጊዜም ይሁን ዕውቀት፣ መሬትም ይሁን ልጅ፣ ለተሰጠበት ዓላማ ማድረሱ ነው። ሀብት አንዳንድ ጊዜ ይከተለዋል፤ አንዳንድ ጊዜም አይከተለውም።

ይህን ነገር በምሳሌ ለማስረዳት ሩቅ መሄድ አያሻም። ከወልድያ ወደ አላማጣ በሚወስደው ዐውራ ጎዳና የተጓዘ ሁሉ የቆቦን ሜዳ ያውቀዋል። በስተምዕራብ የግዳንና የላስታ ደጋ እንደ ግንብ ቆሟል፤ በስተምሥራቅ የዞብል ተራራ ከአፋር በረሓ ይለየዋል፤ በመካከሉ ያለው የራያ ቆላ ሰፊና ለጥ ያለ ነው። አፈሩ ጥልቅና ለም ነው፤ ለምነቱንም ያገኘው በብዙ ዘመን ከደጋ በጎርፍ ተጠርጎ ከወረደው ደለል ነው። ነገር ግን ለዚህ አፈር የሚበቃ ዝናም አልተሰጠውም። ዝናሙ ያንሳል፤ ደግሞም ቀጠሮ አያከብርም፤ አንዱን ዓመት በሚያዝያ ጀምሮ በግንቦት ይቋረጣል፤ ሌላውን ዓመት በሐምሌ ዘግይቶ መጥቶ ማሽላው ሳያፈራ ይሸሻል። ስለዚህ የራያ ቆላ ገበሬ ከራሱ ሰማይ ይልቅ የጎረቤቱን ሰማይ ይመለከታል። በደጋው ራስ ላይ ደመና ሲጠቁርና ነጐድጓድ ሲሰማ፣ እነ ጎሊናና እነ ሆርማት ሞልተው እንደሚወርዱ ያውቃል። ገበሬውም ያን ጎርፍ በድንጋይ፣ በአሸዋና በእሾኽ ቅርንጫፍ በሠራው ክትር ይጠልፈዋል፤ በዋናው ቦይ ይመራዋል፤ ወደ ትናንሽ ቦዮች ይከፋፍለዋል፤ ዙሪያው በአፈር በተከበበ እርሻውም ያሳርፈዋል። መሬቱ አንድ ጊዜ በደኅና ከጠጣ ማሽላው ብዙ ቀን ይታገሣል።

እንግዲህ ጎርፍ ምንድር ነው ቢሉ፣ ጎርፍ የተባለ ዕድል ነው፤ በድንገት ይመጣልና፣ ካልያዙትም ያልፋልና። አንድም ጎርፍ የተባለ መከራ ነው፤ ያልተዘጋጀውን አጥቦ ይወስዳልና። ቦይ የተባለ ጠባይ ነው፤ ውኃውን አይፈጥረውም፤ የመጣውን ግን ወደ ፍሬ ይመራዋል።

፩ኛ፤ ጊዜው ሳይደርስ መዘጋጀት

ጎርፍ አብዛኛውን ጊዜ የሚደርሰው ከቀትር በኋላ ወይም በሌሊት ነው። ሰውን ቀስቅሶ፣ አካፋ እስኪያነሣ ቆሞ አይጠብቅም። በግንቦት ፀሐይ ቦዩን ያልጠረገ ሰው በሐምሌ ሌሊት ሊጠርገው አይችልም። ግንቦት ግን የሚያታልል ወር ነው፤ ወንዙ ደርቆ አሸዋው ሲያቃጥል ለውኃ መድከም ሞኝነት ይመስላል። ትጉሁ ገበሬ በደረቁ ጊዜ ይወጣል፤ ደለሉን ያወጣል፤ የተናደውን ጠርዝ ይጠግናል። ሰነፉ ውኃው ሲመጣ እናያለን ይላል። በኋላም ያው አንዱ ጎርፍ በአንድ ሌሊት ለሁለቱም ይመጣል፤ የትጉሁን እርሻ አጥግቦ ደለሉን ያወርስለታል፤ የሰነፉን ጠርዝ ግን ጥሶ አፈሩን ይወስድበታል፤ በእርሻውም መካከል ገደል ይቈፍርበታል።

ጌታችን በማቴዎስ ወንጌል በ25ኛው ምዕራፍ ያስተማረው የ10ሩ ደናግል ምሳሌ ይህን ያጸናልናል። ልብ ብሎ ላነበበው፣ ያንቀላፉት 5ቱ ሰነፎች ብቻ አይደሉም፤ 10ሩም አንቀላፍተዋል። ልዩነታቸው ሳይተኙ በፊት የተሠራ ሥራ ነው፤ 5ቱ ዘይት በማሰሮ ይዘው ነበርና። ሙሽራውም በእኩለ ሌሊት በመጣ ጊዜ ዘይት ከጓደኛ መበደር አልተቻለም። በዚህም ዝግጅት ለሌላ የማይበደሩት፣ ከሌላም የማይዋሱት ነገር መሆኑን እንረዳለን። የጎረቤት በሬ በውሰት ይገኛል፤ የጎረቤት ትጋት ግን አይገኝም።

ይህ ጠባይ በትንንሽ ነገር ይለመዳል። በጠዋት መነሣት፣ የጀመሩትን መፈጸም፣ ቀጠሮን ማክበር፣ የተዋሱትን ዕቃ በጊዜው መመለስ፣ የተቀደደውን ሳይሰፋ መጥቀም፣ እነዚህ ሁሉ ቦይ መጥረግ ናቸው። ሥራ ስይዝ እማራለሁ የሚል ወጣት፣ ስሸመግል ንስሓ እገባለሁ የሚል ጎልማሳ፣ ሁለቱም በሐምሌ ሌሊት አካፋ የሚፈልጉ ሰዎች ናቸው።

፪ኛ፤ ማንም ሳያይ መታመን

የጎርፍ ውኃ የአንድ ሰው አይደለም፤ ስለዚህ በተራ ይካፈሉታል። ተራውን የሚያስጠብቅ የውኃ አባት ይመረጣል። ነገር ግን የውኃ አባት በየቦዩ አፍ ላይ ሊያድር አይችልም። በላይኛው በኩል ያለው ገበሬ በጨለማ አንድ አካፋ አፈር ቢያነሣ ውኃው ወደ እርሱ ይዞራል፤ በታችኛው በኩል ያለውም ሳያጠጣ ይነጋበታል። የወሰደው ሌባ አይመስልም፤ ኪሱ ውስጥ የገባ ነገር የለምና። ሆኖም የሰረቀው የአንድ ቤተ ሰብ የዓመት እንጀራ ነው።

የሰው ታማኝነት የሚታወቀው በዚህ ዓይነቱ ሰዓት ነው። በአደባባይ መታመን ከታማኝነት ይልቅ ከሐፍረት ሊመጣ ይችላል፤ በጨለማ ቦይ አፍ ላይ ግን የሚያፍሩት ሰው የለም፤ ያለው እግዚአብሔርና ኅሊና ብቻ ነው። በገበያም እንደዚሁ ነው። የጣሳውን ሆድ አጎድጕዶ እህል የሚሰፍር፣ በጤፍ ውስጥ አፈር የሚቀላቅል ነጋዴ አንድ ቀን ይጠቀማል። በሁለተኛው ቀን ግን ገዢ ዐይቶ ያልፈዋል። የቀጠፈውን ጥቂት እህል ለማትረፍ ብሎ ስሙን ይሸጣል፤ ስሙንም በምንም ዋጋ መልሶ አይገዛውም። በትንሹ የታመነ በብዙው እንደሚታመን ጌታችን ያስተማረው ለነፍስ ብቻ አይደለም፤ የገበያም ሕግ ይኸው ነው።

ከዚህም በላይ የተሰረቀ ተራ በዚያው አይቀርም። ክርክር ያስነሣል፤ ክርክሩ ዱላ፣ ዱላውም ደም ይጠራል። በራያ ቆቦ ዘወልድ የሚባለው የሽምግልና ሥርዓት ደም የተቃቡትን ሲያስታርቅ መኖሩ የታወቀ ነው፤ ሽማግሌዎቹም ምስጋና ይገባቸዋል። ነገር ግን ከዕርቅ የሚበልጥ ነገር አለ፤ ይኸውም ዕርቅ የሚያስፈልገውን በደል አለማድረግ ነው።

ዮሴፍን እንመልከት። በ17 ዓመቱ ወንድሞቹ በ20 ብር ለነጋዴዎች ሸጡት። በባዕድ አገር፣ አባቱ በማያይበት፣ የአገሩ ሰው በማይሰማበት ቤት የጌታውን ገንዘብ ሁሉ በእጁ ያዘ፤ አልሰረቀም። የጌታው ሚስት ፈተነችው፤ አልተሸነፈም። ለዚህም ታማኝነቱ በመጀመሪያ ያገኘው ደመወዝ እስራት ነው። ይህን መደበቅ አይገባም፤ ታማኝ የሆነ ሁሉ በዚያው ቀን ይከበራል ብሎ ማስተማር ሐሰት ነው። ዮሴፍ በፈርዖን ፊት በቆመ ጊዜ 30 ዓመቱ ነበረ፤ ስለዚህ በመካከል 13 ዓመት አለ። ልብሱን ሁለት ጊዜ ገፈፉት፤ መጀመሪያ ወንድሞቹ፣ ሁለተኛ የጲጥፋራ ሚስት፤ ጠባዩን ግን ሊገፉት አልቻሉም። በኋላ ያከበረውም ያ ያልተገፈፈው ነው።

ይህ ታሪክ ለቆቦና ለራያ ቆላ ወላጆች እንግዳ አይደለም። ብዙ ልጆቻቸው በጅቡቲና በየመን በኩል ወደ ሳውዲ ዓረብያ ሄደዋል፤ አባት በሬውን ሸጦ ለደላላ ከፍሏል፤ እናት ስልክ እየጠበቀች አድራለች። በ2006 ዓ.ም. ብቻ በጥቂት ወራት ውስጥ ከ160 ሺህ የሚበልጡ ኢትዮጵያውያን ከዚያ አገር ተመልሰዋል፤ ከእነርሱም ብዙዎቹ ባዶ እጃቸውን ነበሩ። እነዚህን ልጆች መገሠጽ ቀላል ነው፤ ይሁን እንጂ መሬት ያጠረውንና ዝናም የከዳውን ልጅ ለምን ሄድህ ብሎ ማሳፈር የካህን ሥራ አይደለም። ይልቁንስ በሄዱበትም፣ በተመለሱበትም፣ ከቶ ባልሄዱበትም ስፍራ ማንም ሊቀማቸው የማይችለውን ስንቅ ልናስይዛቸው ይገባል። ደላላ ገንዘባቸውን፣ አሠሪ ደመወዛቸውን ሊነጥቃቸው ይችላል፤ በቤት የተማሩት መታመን ግን ባሕር አቋርጦ ይሄዳል፤ ባሕር አቋርጦም ይመለሳል።

፫ኛ፤ በጥጋብ ቀን መጠንን ማወቅ

ዮሴፍ ለፈርዖን የሰጠው ምክር እጅግ ቀላል ነው። በ7ቱ የጥጋብ ዓመታት ከምርቱ 5ኛው እጅ ተነሥቶ ይከማች አለ። ግብፅን ያዳናት ይህ ነው። ልብ እንበል፤ ሕዝቡ ይጹም አላለም፤ ከ5ቱ 4ቱን ይብላ፣ ይሽጥ፣ ይዝራ፤ አንዱን ግን አይንካ ማለቱ ነው። የሚከብደው መቍጠሩ አይደለም፤ ጎተራ ሞልቶ ሳለ የሚራብበትን ቀን ማሰቡ ነው።

በአገራችን አዝመራው ሲገባ ሠርጉ፣ ድግሱና ተዝካሩ ይከተላል። መደሰት የተፈቀደ ነው፤ ጌታችንም በቃና ሰርግ ተገኝቷል። ዳሩ ግን በጥር ጉድጓዱን ሙሉ ማሽላ የነበረው ሰው በሰኔ ለአራጣ አበዳሪ እጅ ሲነሣ ካየን፣ ሰኔ አልበደለውም፤ የበደለው ጥር ነው። በተለይ ስለ ተዝካር አንድ ነገር መናገር ግድ ይለናል። ሙታንን የሚረዳቸው ጸሎቱ፣ መሥዋዕቱና ለድኻ የሚሰጠው ምጽዋት ነው። ብድር ተበድሮ፣ የእርሻ በሬ አርዶ፣ የጠገበ ጎረቤትን ማብላት ሙቱንም አይጠቅም፤ የሙቱንም ልጆች ያስርባል። እንደ ዐቅም የተደረገች አንዲት እንጀራ በእግዚአብሔር ፊት የተወደደች ናት። ይህንም ካህናት ልንናገር ይገባል፤ በድግሱ ላይ የመጀመሪያው መቀመጫ ለእኛ ነውና።

መጠንን ማወቅ ግን ንፉግነት አይደለም። ለራሱ ብቻ የሚያከማች ሰው ያ በሌሊት ነፍሱን የተጠየቀው ባለጠጋ ነው። ዮሴፍ ያከማቸው ሊያካፍል ነው፤ የሸጡት ወንድሞቹም ሳይቀሩ ከዚያ ጎተራ በሉ። በራያ ቆላ ደኅና ገበሬ ከደገሌቱም ከጅጉርቲውም መልካም መልካሙን የማሽላ ራስ መርጦ ለዘር ያስቀምጣል፤ ነቀዝ እንዳይነካውም ከምድጃው በላይ በጢስ ያኖረዋል። ቤቱ ቢራብ እንኳ ዘሩን አይነካም። እያንዳንዳችን እንዲሁ በኑሯችን ውስጥ የማይበላ ዘር ሊኖረን ይገባል። ይኸውም የጸሎት ሰዓት፣ የልጆች ትምህርት፣ ለክፉ ቀን የተቀመጠ ጥሪት ነው።

፬ኛ፤ ወድቆ መነሣት

የራያ ቆላ ገበሬ በአንድ ዓመት ውስጥ ሁለትና ሦስት ጊዜ ይዘራል። በሚያዝያ ዝናም ረዥም ጊዜ የሚቆየውን ማሽላ ይዘራል፤ ዝናሙ ቢቋረጥና ቡቃያው ቢደርቅ መሬቱን ገልብጦ ፈጥኖ የሚደርሰውን ይዘራል፤ ያም ቢቀር በሐምሌ ጤፍ ይዘራል፤ ያም ካልሆነ በክረምቱ መውጫ መሬቱ በያዘው ርጥበት ሽምብራ ይሞክራል። እዚህ ላይ ልብ የምንለው ቁም ነገር አለ። ትዕግሥት ማለት ያንኑ ነገር በዚያው መንገድ እየደጋገሙ ግንባርን ከግድግዳ ጋራ ማጋጨት አይደለም። ገበሬው ዘሩን ይለውጣል፤ ዓላማውን ግን አይለውጥም።

ስለ ቅዱስ ያሬድም ስንክሳር የሚተርክልን ከዚህ ይስማማል። ትምህርት እንቢ ብሎት ከመምህሩ ከአባ ጌዴዎን ዘንድ በሸሸ ጊዜ ከዛፍ ሥር ተቀምጦ አንዲት ትል ፍሬ ልትበላ ስትወጣ ተመለከተ። ከመንገድ እየወደቀች ብዙ ጊዜ ሞከረች፤ በመጨረሻም ደረሰች። እርሱም አፍሮ ወደ መምህሩ ተመለሰ። ቤተ ክርስቲያናችን እስከ ዛሬ ድረስ የምታዜመው ዜማ ከዚያ መመለስ የተገኘ ነው። ትሏ ያሬድን ያስተማረችው ዜማ አይደለም፤ መመለስን ነው። ዜማውን የሰጠው እግዚአብሔር ነው። በየገዳማቱና በየጉባኤ ቤቱ አኩፋዳ ተሸክሞ፣ ከውሻ እየተጣላ፣ በቍራሽ እየኖረ ቅኔና ዜማ የሚማር ተማሪም የሚማረው ሁለት ትምህርት ነው፤ አንዱ በመጽሐፍ ያለው ሲሆን፣ ሁለተኛው ትናንት ያልገባኝ ዛሬ ይገባኛል ብሎ መቀመጥ ነው።

ስለ ክፉ ቀን

እዚህ ላይ አንባቢ እንዲህ ብሎ ሊጠይቅ ይችላል፤ ቦዩን ጠርጎ፣ ተራውን አክብሮ፣ ዘሩን ጠብቆ ሳለ የተራበውስ? ይህ ጥያቄ በዚህ አገር የወሬ ጥያቄ አይደለም። ከ1880 ዓ.ም. ጀምሮ በነበረው ክፉ ቀን ከብቱ አልቆ ሕዝቡ አልቋል። በ1965 እና በ1966 ዓ.ም. ወሎ ተርቦ ነበር። በ1977 ዓ.ም. ቆቦ፣ አላማጣና ኮረም የረኃብተኞች መጠለያ ሆነው ዓለም ሁሉ ዐይቷቸዋል። በ2008 ዓ.ም. ድርቅ ተመልሶ መጥቷል፤ በ2013 እና በ2014 ዓ.ም. ደግሞ ጦርነት በዚሁ ሜዳ ላይ አልፏል፤ ብዙ ሰላማዊ ሰውም ሞቷል።

በእነዚህ ዘመናት የሞቱት ሰነፎች ስለነበሩ ሞቱ ብሎ የሚናገር ቢኖር፣ የወንጌልን ቃል አልሰማም። በሰሊሆም ግንብ ተንዶባቸው የሞቱት 18 ሰዎች ከሌሎች ይልቅ ኀጢአተኞች እንዳልነበሩ ጌታችን በግልጥ አስተምሯል። ጻድቁ ኢዮብም ሀብቱን፣ ልጆቹንና ጤናውን ባጣ ጊዜ ወዳጆቹ በድለህ ነው ብለው ፈረዱበት፤ በኋላ ግን እግዚአብሔር የተቈጣው በወዳጆቹ ላይ ነው። እንግዲህ መልካም ጠባይ ዝናምን አያዝዝም። ይህን እናምናለን፤ እናስተምራለንም።

ነገር ግን ክፉ ቀን ጠባይ ዋጋ የሌለው መሆኑን አላሳየም፤ ይልቁንም የጠባይ ጕድለት ስንት ነፍስ እንደሚያስከፍል አሳይቷል። የ1966ቱ ረኃብ በጊዜው በግልጥ ሳይነገር በመቆየቱ እርዳታው ዘገየ። በ1977 ዓ.ም. መባቻ ሕዝቡ ሲራብ በመዲናይቱ የአብዮቱ 10ኛ ዓመት በዓል በታላቅ ድግስ ይከበር ነበር። ድርቁ ከሰማይ መጣ፤ እውነትን መሸፈኑ ግን ከሰው ነው። የላይኛው ገበሬ በጨለማ የሚያነሣት አካፋ እና ባለ ሥልጣን የሚሸፍናት እውነት አንድ ዘር ናቸው፤ ልዩነታቸው የተጎጂው ብዛት ነው። በአንጻሩ ደግሞ በዚያ በክፉ ቀን ዐፄ ምኒልክ በሬ አልቆ እርሻ በቆመ ጊዜ ራሳቸው ዶማ ይዘው መቈፈራቸው እስከ ዛሬ ይነገርላቸዋል። በ1977 ዓ.ም.ም የመጨረሻውን ቍራሽ ለጎረቤት ልጅ ያካፈሉ፣ ወላጅ የሞተበትን ሕፃን ያሳደጉ ስማቸው ያልተጻፈ ብዙዎች ነበሩ። እህላቸው አልቆ ነበር፤ ሰውነታቸው ግን አላለቀም። የእነርሱ ኑሮ አልተከናወነም የሚል ማን ነው?

ጎርፉ ባይመጣ የተጠረገው ቦይ ደርቆ ይከርማል። ይህ ያሳዝናል። ሆኖም ለሚመጣው ዓመት የተጠረገ ነው፤ ጠርጎ ያለፈው አባት ባይጠጣበት ልጁ ያጠጣበታል።

እንግዲህ ምእመናን ሆይ፤ ዛሬ በቆቦና በጊራና ሸለቆ የከርሰ ምድር ውኃ በሞተር እየተሳበ ሽንኩርትና ቲማቲም ይለማል። ለሚመጣው ትውልድ ከአያቶቹ የተሻለ መሣሪያ ተሰጥቶታል። ይሁን እንጂ የሞተሩ ገንዘብ በእምነት ካልተጠበቀ፣ ተራው ካልተከበረ፣ የተሰበረው በጊዜው ካልተጠገነ፣ ጥልቁ ጕድጓድ ከደረቅ ወንዝ አይሻልም። መሣሪያው ይለወጣል፤ አራቱ ጠባያት ግን አይለወጡም። አባቶች ለልጆቻችሁ ከመሬት አስቀድማችሁ እነዚህን አውርሱ፤ መሬት ሲከፋፈል ያንሳል፤ ጠባይ ግን ለ10 ልጅ ቢከፋፈል ለእያንዳንዱ ሙሉ ሆኖ ይደርሰዋል። ወጣቶች ሆይ፤ ከነገ ጠዋት ጀምራችሁ ከአራቱ አንዱን ያዙ፤ የተዋሳችሁትን መልሱ፤ የጀመራችሁትን ፈጽሙ፤ ማንም በማያይበት ስፍራ ተራችሁን ጠብቁ።

ዝናሙን በጊዜው፣ ሰላሙን ለአገራችን፣ ትጋትንና ትዕግሥትን ለሁላችን ያድለን፤ አሜን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።